የአምባሰል እሾህ

ሐሙስ ንጋት፣ ደሴ

ደሴ በዚህ ሰዓት ፊቷን ለማንም አታሳይም። የጦሳ ጉም ወርዶ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል። ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ስቦ በጥድፊያ ያልፋል። እኔ ከመናኸሪያው አጠገብ ቆሜ ትናንት የተጋገረ ዳቦ አላምጣለሁ። ርቦኝ አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው ባዶ ሆዱን መንገድ አይጀምርም፤ ከጀመረም ማን እንደሚጨርስለት አይታወቅም። ሌላው መንገደኛ ልብሱን ሲሸክፍ እኔ መርፌዬን፣ ዳቦዬንና ካልሲዬን እሸክፋለሁ። ባለቤቴ «መንገድ ነው ወይስ ስደት?» ብላ ስቃብኛለች።

ከቤቴ ያስወጣኝ ዶክተር እንድሪስ ነው። የሐይቅ ልጅ ነው፤ ደሴ ውስጥ ያክማል፤ እኔንም ጭምር። ከሕክምናው ጎን ተመራማሪ ነው። ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ኩላሊት፣ በጠቅላላው ሰውን ቀስ ብለው ስለሚበሉት በሽታዎች በተወለደበት አገር ዞሮ ያጠናውን በውጭ አገር የሕክምና መጽሔት አሳትሟል። ጽሑፉን ሰጥቶኝ አነበብኩት፤ ገሚሱ አልገባኝም። የገባኝ የእግሩ ክፍል ነው። በሐይቅና በአምባሰል ገጠር የስኳር ሕመምተኞችን እግር የሚያስቆርጠው ቁስል መነሻው ምንድን ነው ብሎ ጠይቆ፣ አብዛኞቹ በአንድ ቃል መልሰውለታል። እሾህ ነው ብለውታል። እሱም እሾህ ብሎ ጻፈ፤ ሽፍን ጫማ ያድርጉ፣ እግራቸውን በየቀኑ በሞቀ ውሃ ይታጠቡ ብሎ መከረ። ምክሩም በሥዕል ታትሞ በየጤና ኬላው ተለጠፈ።

«በሰው አገር ቋንቋ የጻፍኩትን ለባለቤቶቹ ሄጄ በአፋቸው ልንገራቸው» አለኝ። «አንተም ና፤ ጋዜጣህ ላይ ትጽፈዋለህ።» ሹፌራችን ጌታቸው ይባላል፤ የደሴ ልጅ ነው፤ ሲነዳም ሲያወራም እኩል ይፈጥናል። ገና ከከተማ ሳንወጣ በመስታወቱ አየኝ።

«ጋሼ፣ ስኳር የሀብታም በሽታ ነው ይሉ የለ? እርስዎን እንዴት አገኘዎት?»

«በሽታው ቀድሞ መጣ፤ ሀብቱ መንገድ ላይ ነው» አልኩት።

ሐሙስ ረፋድ፣ ሐይቅ

ቦሩ ሜዳን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጨርስ ብርዱ ከኋላችን ቀረ። ጃኬቴን አወለቅኩ። መንገዱ ዳር ጫት በኮባ ተጠቅልሎ ይሸጣል፤ ሽንኩርት በማዳበሪያ ተደርድሯል፤ ባጃጆች እንደ ዝንብ እየተሽከረከሩ የመኪናችንን መንገድ ይዘጋሉ። ከቤቶቹ ኋላ ሐይቁ ተዘርግቷል፤ ነፋስ የለም፤ ውሃው ከሰማዩ ጋር አንድ ሆኗል።

ውሃው ዳር ካለች ዳስ ገብተን አሳ አዘዝን። ትኩስ ነው፣ ከነጭንቅላቱ የተጠበሰ፣ ሎሚና ሚጥሚጣ አጅቦታል። ዋጋውን ሰምቼ ፊቴን ሳጨማድድ አስተናጋጇ «ዘይቱ ነው ጋሼ፣ አሳውስ ያው የኛው ነው» አለችኝ። እንድሪስ ግን ምግቡን ትቶ ተነሣ። ከዳሱ ጥግ መረብ የሚጠግን ሰው አይቶ ኖሯል። ሰውየው አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። አህመድ ይባላል፤ አሳ አጥማጅ ነበር፤ ከእንድሪስ ጥናት ሰዎች አንዱ ነው።

ተሳሳሙ። አህመድ ስለ ቤተሰብ ጠየቀ፣ ስለ ደሴ ጠየቀ፣ ስለ ብርዱ ጠየቀ። እኔ ነገረኛ ነኝና ጣልቃ ገባሁ።

«እግርህን ምን አገኘው?»

«እሾህ።»

«ታንኳ ላይ የሚውል ሰው እሾህ ከየት ያገኛል?»

መረቡን መጠገን አቆመ። «ዳር ላይ አለ» አለ፤ ከዚያ ለእንድሪስ ዞሮ «አሳው ይቀዘቅዝባችኋል፣ ሂዱ ብሉ» ብሎ በትሕትና አሰናበተን። ሚስቱ ከኋላው ቆማ ነበር። እሾህ ሲል ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ያን ጊዜ ነገሩን ከቁብ አልቆጠርኩትም፤ አሳዬን በላሁ።

ሐሙስ ማምሻ፣ ውጫሌ

ከሐይቅ ወደ ሰሜን የአምባሰል ገደል በግራ በኩል እንደ ግድግዳ ተከትሎን መጣ። ጌታቸው በአምባሰል ቅኝት ያንጎራጉራል። ጀንበሯ ከአምባው ኋላ ስትገባ ውጫሌ ቀድማ ጨለመባት።

ማደሪያችን በረንዳ ላይ ተቀምጠን እንድሪስ የነገውን ነገር አጫወተኝ። ሄዶ የሚያየው አንድ ሕመምተኛ አለ፤ ጋሽ ይማም ይባላል፤ ገበሬ ነው፤ ቤቱ ከአምባው ወገብ ላይ ነው። የመንደሩ ጤና ባለሙያ ደውላ እግሩ ጠቁሯል ብላዋለች። ደሴ ሂድና ይታይልህ ቢባል አሻፈረኝ ብሏል። ልጁ ዐረብ አገር ነው፤ ከምራቱ ጋር ይኖራል።

«ከጠቆረ የተወሰነውን መቁረጥ የግድ ነው» አለ። «ከዘገየ ደግሞ መርዙ በደም ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚቆረጥ የለም፤ የሚቀበር ነው።»

«ለምን እምቢ አለ?»

«እሱን ነው የማላውቀው። ሞኝ ሰው አይደለም። መርፌውን እንኳ አንድ ቀን አያሳልፍም ነበር።»

ያን ማታ ከመተኛቴ በፊት ካልሲዬን አውልቄ እግሬን አገላብጬ አየሁ። ሁልጊዜ አደርገዋለሁ፤ ያን ማታ ግን ፈርቼ ነው ያየሁት።

ዓርብ ማለዳ፣ አምባሰል

መኪናው የጠጠሩ መንገድ እስከሚያልቅበት ወሰደን። ከዚያ በእግር ነው። የማሽላው አገዳ ተቆርጦ ጉቶው ብቻ ቀርቷል፤ ከላይ ገብሱ ይታያል። እሾህ በእርግጥ አለ፤ አጋሙ፣ ግራሩ፣ ቁልቋሉ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞታል። ሲያየው እንድሪስ «ይኸው!» አለኝ፤ ጽሑፉ ትክክል መሆኑን የተራራው አጥር የመሰከረለት መስሎት። እኔ የምመልስበት ትንፋሽ አልነበረኝም።

የጋሽ ይማም ቤት ግቢው የተጠረገ፣ ቆርቆሮው አዲስ ነው፤ የዐረብ አገር ገንዘብ ያስታውቃል። ምራቱ ሰዓዳ ከበር ተቀበለችን። ወጣት ናት፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። «መርሐባ፣ ግቡ፣ ደከማችሁ» እያለች መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፈችልን።

ሽታው ቀድሞ ደረሰኝ። ጋሽ ይማም ከመደቡ ጫፍ ጋቢ ደርቦ ተቀምጧል፤ ቀኝ እግሩ በንጹሕ ጨርቅ ተጠምጥሟል። ሽማግሌው መልከ መልካም ነው፤ ትኩሳት ዓይኑን አብርቶታል። ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ የእንድሪስ ምክር ተለጥፏል፤ አንድ ሳፋ፣ ሳፋው ውስጥ ሁለት እግር፣ ከላይ የእንፋሎት ምልክት ተሥሎበታል።

«ሐኪሙ ልጄ» አለ ጋሽ ይማም። «ይህን ሁሉ ዳገት ለኔ ብለህ ወጣህ? ጀዛህን አላህ ይክፈልህ። እንግዳውስ ማነው?»

«ጋዜጠኛ ነው፤ እሱም ስኳር አለበት።»

«አብሽር ወንድሜ። ብዙ ነን።»

እንድሪስ ስለ እግሩ ሊጀምር ሲል ሰዓዳ ሳፋ ይዛ ገባች። ዳገት የወጣ እንግዳ እግሩ ሳይታጠብ ወሬ አይጀመርም። እምቢ ማለት ነውር ነው። በዕድሜ ታላቁ እኔ ነኝና ከኔ ጀመረች፤ ተንበርክካ ጫማና ካልሲዬን አወለቀች፤ ውሃው ላይ ጨው ጣል አደረገች፤ «ያስገቡ አባቴ» አለችኝ።

ቀኝ እግሬን አስገባሁና ጮኼ ዘለልኩ። ውሃው የፈላ ነበር ማለት ይቻላል። መሬት ያለው ካልሲዬ በውሃ ራሰ፤ ሳፋው ሊገለበጥ ደረሰ።

«ውይ፣ ሞቀብዎት? አፈር ስሆን!» ሰዓዳ ደነገጠች። ወዲያው ሁለት እጇን እስከ አንጓዋ ውሃው ውስጥ ከትታ አማሰለችው። አልተጣደፈችም፣ አላወጣችውም። እያማሰለች ሙቀቱን ትፈልገው ነበር። «እኔስ ልክ ነው ብዬ...» አለች። መዳፏ እሳት በመንካት፣ ድንጋይ በመፈንቀል ጠጥሯል።

እንድሪስ እጇን አየ። ከዚያ የጋሽ ይማምን እግር አየ። ሰዓዳም ዓይኑን ተከትላ አየችው፤ ሁለታችንም ግን ያን ጊዜ ልብ አላልናትም።

«እስቲ ከምንጩ ቀዝቃዛ ውሃ አምጪልኝ እህቴ» አላት። እንስራዋን አንሥታ ወጣች።

እንድሪስ ጨርቁን ፈታ። ጣቶቹ ጠቁረዋል። ከዚያ በላይ ያለውን እንዴት ብዬ ልጻፈው? ቆዳው ዙሪያውን አልቋል፤ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አንድ ቦታ ላይ ቁስሉ በመስመር ተቋርጧል፤ ካልሲ ያጠለቀ ይመስላል። ቅላቱ ወደ ቅልጥሙ እየወጣ ነው።

«ጋሽ ይማም፣ ምን ነበር ያሉኝ?»

«እሾህ።»

«እሾህ አንድ ቦታ ነው የሚወጋው። ይኸ ዙሪያውን እኩል ነው ያለቀው። እስከዚህ ድረስ ውሃ ውስጥ ነበር።»

ሽማግሌው በሩን አየ። ምንጩ ቅርብ ይሁን ሩቅ አላውቅም፤ እሱ ግን የሚያውቀውን ጊዜ ለክቶ ቶሎ ቶሎ ተናገረ።

«ያ ወረቀት ከተለጠፈ ወዲህ ማታ ማታ ታጥበኛለች። እንደ እንግዳ፣ እንደ ሼህ ነው የምታጥበኝ። ልክ ነው አባባ? ትለኛለች። እኔ ምን አውቃለሁ፤ እግሬ ከሞተ ቆይቷል። ልክ ነው እላታለሁ። ተንበርክካ ስታጥበኝ እመርቃታለሁ፤ ዘርሽ ይብዛ፣ ዱንያሽ ይቅና እላታለሁ። አንድ ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ቆዳዬ አብሮ ወጣ።»

«ለምን አልነገሯትም?»

«ነግሬ ምን ላድርጋት? ኒያዋ፣ ሐሳቧ፣ ኸይር ነው። አላህም የሚያየው ኒያን ነው፤ ሰው ግን እግሩን ነው የሚያየው። የልጄን ነገር አታውቀውም። ችኩል ነው፤ ወሬ ይሰማል። የአባቴን እግር ቀቀለችው ካሉት በስልክ ይፈታታል። እናቷም ሙታለች፤ የት ትገባለች?» ጋቢውን ሳብ አደረገ። «እሾህ ግን ማን አለው? አይከሰስ፣ አይፈታ።»

እንድሪስ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። ለኔ ነው የተናገረው፣ በሹክሹክታ፦ «ሐይቅ ያለው አህመድ... ሌሎቹስ? እኔ እሾህ ብዬ ነው የጻፍኩት። ሁሉም እሾህ ብለውኛል።»

ስንቶቹ እንደተቃጠሉ አላውቅም፤ እሱም አያውቅም። ከእሳት ዳር እግሩን ሲያሞቅ የተኛ ይኖራል፣ ልጁ ሳታውቅ ያቃጠለችው ይኖራል፣ በእውነትም እሾህ የወጋው ይኖራል። የወሎ ሰው በሰው ላይ ጣቱን ከሚቀስር እግሩን ቢሰጥ ይመርጣል። እንድሪስ እዚሁ አገር ተወልዶ አድጎ ይህን መርሳቱ አናደደኝ፤ እኔም አለማሰቤ አናደደኝ።

ሽማግሌው ዋጋውን ተናገረ። «ደሴ እሄዳለሁ። ቁረጡትም። ግን ሰዉ ሊጠይቀኝ ይመጣል፤ በሰዉ ፊት እሾህ ነው በልልኝ። ሐኪም ካለ ያምናሉ። እምቢ ካልክ እዚሁ እሞታለሁ፤ ቀደሬ ነው፣ ዕጣዬ።»

እንድሪስ ብዙ አላመነታም። አንድ ነፍስ ከፊቱ ተቀምጣ ነበር። «እሺ» አለ። ጎረቤት ሲሰበሰብ ከበሩ ቆሞ «እሾህ ነው የወጋቸው፤ ከጁምዓ በኋላ ደሴ እንወስዳቸዋለን» ብሎ ተናገረ። ሰዓዳ እንስራዋን ተሸክማ ከሰዉ ኋላ ቆማ ነበር። ሰማችው። 

ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ

ቃሬዛውን የሚሸከሙት ወጣቶች ከመስጊድ እስኪወጡ መጠበቅ ነበረብን። እንድሪስም ለሰዉ የሚናገረውን ለመናገር ጤና ኬላው አጠገብ ካለች ዋርካ ሥር ቆመ። እስላሙም ክርስቲያኑም መጥቷል፤ መንደሩ እንደዚያ ነው፤ በሽታውም አይመርጥም።

ስለ ስኳር ተናገረ፤ ስለ መርፌው፣ ስለ ዓይን፣ ስለ ኩላሊት ተናገረ። ጫማው ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ። ከዚያ «ውሃውንም ተጠንቀቁ፤ ለብ ይበል እንጂ አይሙቅ፤ በእጃችሁ ሳይሆን በክርናችሁ ለኩት» አለ።

ሴቶቹ ሳቁ። እማማ ዘርፌ የሚሏቸው የሰዓዳ ጎረቤት ናቸው፤ ባላቸው ስኳር አለበት። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ልጄ፣ ወረቀቱ ላይ ውሃው ይጨሳል። እኔም ማታ ማታ ባሌን እንደዚያ ነው የማጥበው። ደህና አድርጎ ያልሞቀ ውሃ እግር ያደርቃል እንጂ ምን ያደርጋል? በቀዝቃዛ አጥቤ ሰው ይሳቅብኝ?»

«ያቃጥላል እማማ።»

«ማንን አቃጠለ?»

እንድሪስ አፉን ከፈተና ዘጋው። ሰዉ ጠበቀው። እሾህ ብሎ በማለዳ የመሰከረ ሰው ምን ይበል? እኔም አጠገቡ ቆሜ መሬቱን ነበር የማየው።

«የኔን አባባ አቃጥሏል» አለች ሰዓዳ።

ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ ነበር። ድምፅዋ እንደ ጠዋቱ ዝግ ያለ ነው፤ ግን ሁሉም ሰማው። «እሾህ አይደለም። እኔ ነኝ። እንግዳው ዛሬ ሲዘሉ ነው ያወቅኩት። እጄ አይሰማውም፣ የአባባ እግር አይሰማውም፤ በመሐል ውሃው ሲያቃጥለው ከረመ። እማማ ዘርፌ፣ ዛሬ ማታ እንዳያጥቧቸው። እንደኔ እንዳይሆኑ።»

 እማማ ዘርፌ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ማንንም ሳይሰናበቱ ወደ ቤታቸው ቸኮሉ፤ የባላቸውን እግር ሊያዩ እንደሄዱ ገባኝ። የቀረው ሰው ግን አልተነቃነቀም። «አይዞሽ» የሚላት እጠብቅ ነበር። አልመጣም። ከወንዶቹ አንዱ «የወለዳት አባቷ ቢሆን ኖሮ ክርኗን ታገኘው ነበር» አለ። ከዋርካው ግንድ ኋላ የቆመ ሌላው ደግሞ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። እንድሪስ አየው፤ እኔም አየሁት፤ ሁለታችንም ምንም ማድረግ አልቻልንም።

ዓርብ ከሰዓት፣ ቁልቁለቱ

አራት ወጣቶች ቃሬዛውን ተሸከሙ፤ አራት ደግሞ ለመቀባበል ተከተሉ። ጠዋት በወጣንበት መንገድ ወረድን። ሰዓዳ ከቃሬዛው ጎን ጎን እየሄደች ጨርቁ እንዳይፈታ በእጇ ትደግፋለች። ተሸካሚዎቹ የወትሮውን ዘፈን አልዘፈኑም፤ እሷንም አላዋሯትም። ሽማግሌው ዝምታው ከበደው መሰለኝ።

«ምን ሆናችኋል? ሞትኩ እንዴ?» አለ።

 ወደ እንድሪስ ዞረ። «ነገርካቸው?»

«እኔ አይደለሁም ጋሽ ይማም።»

«እኔ ነኝ አባባ» አለች ሰዓዳ።

አያት። ይቆጣታል ብዬ ነበር። ጋቢውን ወደ ፊቱ ስቦ ተሸፈነ፤ ጠጠሩ መንገድ እስክንደርስ አልገለጠውም። ጌታቸው የመኪናውን ወንበር አጥፎ ጠበቀን።  ሐይቅን ስናልፍ ጀንበር ውሃው ላይ ነበረች፤ ማንም ዞሮ አላያትም።

ቅዳሜ፣ ደሴ

ሐኪሞቹ ጉልበቱን እንደሚያተርፉለት ተስፋ አድርገው ነበር። አልሆነም። ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ነፍሱ ተርፋለች።

የተቆረጠ እግር ይቀበራል፤ ወግ ነው። ቤተሰቡ ሩቅ ነው፤ ሰዓዳ ከበሽተኛው አትለይም፤ ስለዚህ እኔ፣ እንድሪስና ጌታቸው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ይዘን ወደ እስላም መቃብር ሄድን። መሸከሙ ለእኔ ደረሰኝ። አንድ እግር ያን ያህል ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጌታቸው አንገቱ ላይ ማተቡን እንዳሰረ አካፋውን ተቀብሎ ቆፈረ፤ እንድሪስ አፈር አለበሰው፤ እኔ የራሴን ሁለት እግሮች እያየሁ ቆምኩ። አልቅሻለሁ። ለሽማግሌው ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆናል።

ስንመለስ እንድሪስ «ለመጽሔቱ እጽፋለሁ፤ እሾህ ያልኩትን አነሣለሁ» አለ።

«በምን ትተካዋለህ?»

«አላውቅም። እንደገና ሄጄ መጠየቅ አለብኝ።» ጥቂት ተራመደ። «ግን ከአሁን በኋላ ማን እውነቱን ይነግረኛል? ሰዓዳ ተናግራ ያገኘችውን አገር አይቷል።»



እሑድ ረፋድ፣ ደሴ

ከቤቴ ወጥቼ ልጠይቀው ሆስፒታል ሄድኩ። ጋሽ ይማም ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል ዝቅ ብሏል። ሰዓዳ የአጃ ሾርባ በማንኪያ ታጎርሰዋለች። እንድሪስ ቁስሉን አይቶ መጨረሱ ነው። ከዓርብ ወዲህ ሽማግሌው ለእሷ ከአዎና ከአይ ሌላ አልተናገራትም ብሎ በር ላይ ነግሮኛል።

ስልክ ጮኸ። ጋሽ ይማም ቁጥሩን አይቶ ፊቱ ተቀየረ። ልጁ ነው።

«ደህና ነኝ ልጄ፣ አልሐምዱሊላህ። ... እሾህ ነው። ... እሾህ ነው አልኩህ፤ ወሬ አትስማ። ... ማን ነው የነገረህ? ... እሷ ባትኖር እስካሁን ተቀብሬ ነበር፤ ወላሂ!» ከስልኩ ውስጥ የወንድ ድምፅ ይጮኻል፤ ቃሉ አይለይም። ሽማግሌው ስልኩን ከጆሮው ራቅ አደረገ፤ ከዚያ «የለችም፣ ወጥታለች» አለ።

ሰዓዳ ሳህኑን አስቀመጠችና እጇን ዘረጋች። ሊሰጣት አልፈለገም። ከእጁ ቀስ አድርጋ ወሰደችው።

ቆማ ሰማች። መስኮቱን እያየች ሰማች። ልጁ የሚለውን ሁሉ እስኪጨርስ አላቋረጠችውም። በመጨረሻ «እሺ» አለች፤ ስልኩን ዘግታ ለአባቱ መለሰችለት።

«ምን አለሽ?»

«ፈታኝ።»

እንድሪስ ከወንበሩ ተነሥቶ እንደገና ተቀመጠ። ጋሽ ይማም እንባው በጢሙ ላይ ወረደ። «እሾህ ነው ብዬሽ ነበር እኮ» አለ። «ተናግሬ፣ አስነግሬልሽ ነበር። ምናለ ዝም ብትይ?»

«የእማማ ዘርፌም ባል እግር አላቸው አባባ። ዝም ብል ማታውኑ በፈላ ውሃ ይታጠብ ነበር።»

ሽማግሌው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ሂጂ በቃ። አልይዝሽም። ከአሁን ወዲያ ማንሽ ነኝ? ለጎዶሎ ሽማግሌ ብለሽ እዚህ አትቀመጭ፤ አክስትሽ ጋ ግቢ።»

ሰዓዳ ሻሿን አጠበቀች። ሳህኑን አነሣች፤ ሾርባው ሞቆ እንደሆነ በከንፈሯ ቀመሰችው።

«የፈታኝ ልጅዎ ነው» አለችው። «አንቱ አልፈቱኝም። ይዙሩና ይጉረሱ።»